የመስቀሉ ምርቃት

ደርባን፣ ነሐሴ 28 ቀን 2013 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ዓለምዘውድ፣

የልዑል እግዚአብሔር ሰላም ከነቤትሽ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ እምቢ ያለ ጆሮሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ሐምሌ ላይ የተዘረፈው ሱቅ በሩ ተሠርቶለት እንደገና ከፍቼዋለሁ፤ ለዚህም ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን።

ስልክ አልሰማ ሲልሽ በወረቀት እንጻጻፍ ካልሽኝ ወዲህ እጄ ብዕር ለመደ። የኔን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ለማርቲ እልካለሁ፣ እሷ አጉልታ ታስነብብሻለች። ያንቺንም እሷ አንስታ ትልክልኛለች። እንግዲህ ሚስቴን ማማት አልቻልንም ማለት ነው።

እትዬ፣ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። በጥር ተጋብተን በየካቲት መጨረሻ ጥያት ስመለስ አባት እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም። እናት አባቴን ተክተሽ እኔን እንዳሳደግሽ አሁን ደግሞ እሷን ጣልኩብሽ። ፓስፖርቴ ለእድሳት ገብቶ አልወጣልኝም፤ ለአዲሱ አመትም ለመስቀልም ለወሊዷም አልደርስም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አባባ ሰይፉ ለመስቀል ከአዲስ አበባ መምጣታቸው አይቀርም። የአባቴ አጎት፣ የቤታችን ትልቅ እሳቸው ናቸው። ማርቲን ፊታቸው አቅርበሽ አስመርቂልኝ። እኔን ስወጣ እንትፍ እንትፍ ብለው ስለመረቁኝ ነው ሱቁ ሲዘረፍ ነፍሴ የተረፈችው። ማርቲ የወልቂጤ መንግሥት ሠራተኛ ልጅ ናትና ትስቅ ይሆናል፤ ግዴለም፣ ስቃም ትመረቅ።

ልጅሽ ተረፈ

*

ቡታጅራ፣ መስከረም 21 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለተረፈ፣

እንኳን ከመስቀል መስቀል በሰላም አደረሰህ። ዘመኑን የጤናና የመገናኛ ያድርግልን።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ኖሬ፣ በእጄ ያሳደግሁት ልጅ "ዓመት"ን በአልፋው "አ" ሲጽፍ ማየት የጡረታዬ ቅጣት መሆን አለበት። ማርቲ "ተዪው፣ ልጁ ሲወለድ አብረው ይማራሉ" ብላ ታሾፍብሃለች። ሆዷ ከሷ ቀድሞ በር ይገባል። ሕፃናት ማስተማሯን እስከ መስከረም አላቆምም ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ በግድ ያስቀመጥኳት።

አምና በበሽታው የተነሳ ስንቱ ሳይመጣ ቀርቶ አልነበር? ዘንድሮ የሁለት ዓመቱን ሰው ባንዴ ነው ያስተናገድነው። የክትፎ ጣባ እጥረት ገጥሞን ከጎረቤት ከከድጄ ተበደርን። ማርቲ ከጠዋት እስከ ማታ ጭምብሏን አድርጋ ስትዞር ቤተ ዘመዱ "ዶክተሯ" እያለ ቀለደባት። ክትባቱን ለእርጉዝ አይሆንም ሲሉ ሰምታ ስለተወችው ነው የምትጠነቀቀው። እኔማ ሁለቴ ተወግቻለሁ፣ እንደ ልቤ ነኝ።

አባባ ሰይፉም መጡ። የመንገዱ አቧራ ሳል አስጀምሯቸዋል እንጂ ጠንካራ ናቸው። እንዳልከኝ ማርቲን ፊታቸው አቀረብኳት። በጉራጊኛ ረዥም ምርቃት መረቋት። እኔ ድምፃቸውን ባልሰማም ከንፈራቸውን ስከተል ነበር፤ ወንድም ሴትም ልጅ ቆጠሩላት፣ ከብትም ጨመሩ። እንትፍ እንትፍ ብለው ሲጨርሱ ማርቲ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ደግሞ አለቀሰች። ያልከኝን ፈጽሜያለሁና ደስ ይበልህ።

አክስትህ ዓለምዘውድ

*

ደርባን፣ መስከረም 28 ቀን 2014 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። የምርቃቱን ነገር ሳነብ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን እንባዬ መጣ። ተባረኪ።

ግን ማርቲን ስደውልላት ድምፅዋ ተዘግቷል። ጉንፋን ነው አለችኝ። ከትናንት ወዲያ ደግሞ በወሬያችን መሃል ለትንፋሽ ቆም ስትል ሰማኋት። ትናንትና ዛሬ ስልኳን አላነሳችም። ይህንንም ደብዳቤ በሷ ስልክ እልካለሁ፣ ማን ያስነብብሽ እንደሆነ ግን አላውቅም። እባክሽ ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ።

ልጅሽ ተረፈ

*

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለተረፈ፣

እግዚአብሔር ያበርታህ። ይህን የምትልክልህ ከድጄ ናት፣ በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤታችን። ስልክ ቁጥሯን መዝግበው፤ ከእንግዲህ በሷ ነው የምንጻጻፈው።

የምጽፍልህን ተቀምጠህ አንብብ። ማርቲን መስከረም ሃያ ሁለት ላይ ትኩሳት ያዛት። ጉንፋን ነው አልን። ዳማከሴ ጨመቅሁላት፣ ዝንጅብል አፈላሁላት። አርብ ዕለት ከአልጋ እስከ በር ሄዳ ስትመለስ ጥፍሯ ሰማያዊ ሆኖ አየሁት። ከድጄ ባጃጅ ጠራችና ሆስፒታል ወሰድናት። መረመሯት። ኮሮና ነው።

እዚህ ሁሉም አፉን ሸፍኖ ነው የሚያወራው፣ እኔ ደግሞ አፍ እያየሁ ነው የምሰማ፤ ስለዚህ ከሆስፒታሉ በር ስገባ ጭራሽ ደነቆርኩ። ሲስተር ሆሳዕና የምትባል አዋላጅ ነርስ ናት በወረቀት እየጻፈች የምታስረዳኝ። እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ "በዚህ ወር ማህፀን ሳንባን ወደ ላይ ስለሚገፋው እርጉዝ ሴት ድሮም ትንፋሿ ያጥራል። ይህ በሽታ ሲጨመርበት ይከብዳል። ደምም ይረጋል። ልጁም የሚተነፍሰው በእናቱ ትንፋሽ ነው።" ኦክስጅን አድርገውላታል። ያለመሰልቸት ነው የሚረዷት፣ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባህ።

በመስኮት አየኋት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ "ይንቀሳቀሳል" ብላ በጣቷ አሳየችኝ።

አክስትህ

*

ደርባን፣ ጥቅምት 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታውን ዝለይልኝ። አዲስ አበባ ትወሰድ ካሉ ይውሰዷት። መድኃኒት ከጎደለ ከዚህ ሰው ፈልጌ እልካለሁ። ምንድን ነው የሚያስፈልጋት? ሐኪሞቹን ጠይቂና ዛሬውኑ ጻፊልኝ። ከሁለት አንድ ምረጡ ካሉሽ ማርቲን በይ። ልጅ ሌላ ጊዜ ይወለዳል። ይህን ስጽፍ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ግን ማርቲን በይ።

ተረፈ

*

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለተረፈ፣

ሰላምና ብርታት እመኝልሃለሁ። ትወሰድ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ መንገዱን አትችለውም አሉኝ። ምረጡ ያለን ሰውም የለም። ኦክስጅኑ እየጨመረ እሷ እየደከመች ስትሄድ፣ ልጁ ከወጣ ሳንባዋ ቦታ ያገኛል፣ ለሁለቱም የሚሻለው ይህ ነው ብለው ከትናንት በስቲያ በኦፕራሲዮን አዋለዷት። ስምንተኛ ወሯን ሳትጨርስ ነው።

ሴት ልጅ ተወልዳልሃለች። አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ትመዝናለች። ስትወጣ አላለቀሰችም፤ አፍና አፍንጫዋን ጠርገው፣ አሻሽተው ነው ያስተነፈሷት። መርምረዋታል፣ ከበሽታው ነፃ ናት። ሳንባዋ ስላልጠና ሙቀት ክፍል አስገብተዋታል፣ መጥባትም ስላልቻለች በአፍንጫዋ ቱቦ ነው የሚመግቧት። ቆዳዋ ትንሽ ቢጫ ብሏል፣ ይህ ያልፋል ብላ ሲስተር ሆሳዕና ጽፋልኛለች። ግንባሯ ያንተ ነው።

ማርቲ ኦክስጅን ላይ ናት። የወልቂጤ እህቷ አደይ መጥታ ከኔ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀምጣለች። ጸልይ።

አክስትህ

*

ደርባን፣ ጥቅምት 7 ቀን 2014 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤሽን ስንቴ እንዳነበብኩት እኔ ነኝ የማውቅ። አንድ ቃል ነው የምፈልገው። ሴት ወልዳ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ሁሉ ከልጁ ክብደት በፊት የሚጽፈው "ማርያም ማረቻት" የሚለውን ነው። ከድጄ እንኳ እስላም ሆና ጎረቤት ስትወልድ እንደዚያ ትላለች። አንቺ ነጥብ የማይጎድልብሽ ሴት ግንባሯን ጽፈሽ ይህን ረሳሽ?

አልረሳሽም። አውቅሻለሁ፣ ያልሆነውን አትጽፊም። ስለዚህ በሆነ ሰዓት ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አትጨምሪበት፣ ቃሉን ብቻ ወረቀት ላይ አስቀምጪና ከድጄ ታንሳው። ስልኬን ከእጄ አላወርድም።

ልጅሽ

*

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለተረፈ፣

ልጅህ ደህና ናት።

ቅዳሜ ሱቅ አትክፈት። ቤትህ ቆይ። በኃይሉና እዚያ ያሉት የቡታጅራ ልጆች ማልደው ሊጠይቁህ ይመጣሉ። በሩን ክፈትላቸው።

አክስትህ

*

ደርባን፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

እትዬ ዓለምዘውድ፣

ቅዳሜ እስክትደርስ ሁለት ቀን ሙሉ የሚመጡብኝን ሰዎች ጠበቅሁ። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። አንቺም ማወቄን ታውቂያለሽ። በኃይሉ ገና "እግዚአብሔር ያጽናህ" ሳይል ደግፌ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ነበር መቆም ያቃተው።

ለቅሶ የደረሰኝ ሰው ከሄደ በኋላ አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። ማርቲ መስቀል ዕለት ጭምብሏን እንዳላወለቀች ጽፈሽልኛል። ብቻዋን በላች፣ ሰው አልሳመችም፣ ይህን እሷም በስልክ ነግራኛለች። ታዲያ ከየት ያዛት? ገበያ አልሄደች፣ ትምህርት ቤት አልሄደች። አንቺ አጠገቧ ነበርሽ። ንገሪኝ። እንዴት እንደተቀበረችም ንገሪኝ። ስለ ልጄም።

ልጅሽ ተረፈ

*

ቡታጅራ፣ ኅዳር 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለተረፈ፣

ጽናቱን ይስጥህ። የዘገየሁት መጻፍ አቅቶኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

ማርቲ ያረፈችው ጥቅምት ዘጠኝ ቀን ነው። ሳንባዋ ውስጥ ደም ረግቶ ነው ብለው ጻፉልኝ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነቅታ ነበር፤ ሲስተር ሆሳዕና የልጅቷን ፎቶ በስልክ አሳየቻትና ትክ ብላ አየችው። ቀብሯ ላይ አሥራ አምስት ሰው ተራርቀን ቆምን። አደይ እህቷን ሳታቅፍ ቀበረች፤ ይህ እስካሁን ያንገበግባታል።

ከየት ያዛት ላልከው፤ እነግርሃለሁ። ማርቲ አባባ ሰይፉ ፊት ስትንበረከክ ጭምብሏን እንዳደረገች ነበር። ሊመርቋት ሲሉ እኔ አስቆምኳቸው። "አውልቂው፣ ምርቃት በጨርቅ ላይ አያርፍም" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ከጨርቁ ሥር የሆነ ነገር አለች። አፏ ተሸፍኖ ስለነበር አልሰማኋትም። አልጠየቅኳትምም። ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ ነበር፤ ያፈረች መሰለኝና በገዛ እጄ ከጆሮዋ ላይ ፈታሁት። አባባ ሰይፉ በሳላቸው መሃል እንትፍ እንትፍ አሉባት፣ ግንባሯን ሳሟት።

ሆስፒታል የገባች ቀን ያን ዕለት ምን እንዳለችኝ በወረቀት ጻፊልኝ አልኳት። "እያሳላቸው ነው እኮ ነው ያልኩሽ" ብላ ጻፈችልኝ። ከሥሩ ደግሞ "አይዞሽ" አለችበት። ወረቀቱ እኔ ዘንድ አለ።

አባባ ሰይፉ አዲስ አበባ ተመልሰው ተመረመሩና ተገኘባቸው። ሳምንት ተኝተው ተነሱ። ማርቲን ከሳቸው እንደያዛት አያውቁም፣ አልነገርኳቸውም። ጥፋቱ የኔ ነው። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ መርቁልኝ ሲሏቸው ይመርቃሉ። የተማርኩት እኔ፣ የተከተብኩት እኔ፣ ጭምብሉን የፈታሁት እኔ።

ስለ ልጅህ። ሲስተር ሆሳዕና ከእናት ደረት የተሻለ ማሞቂያ የለም፣ እናቷ ከሌለች ሌላ ሰው ያቅፋት አለች። አደይ በጊዜው እሷም ታማ ወልቂጤ ገብታ ነበር። እኔን መርምረው ነፃ ሲሉኝ ልጅቷን አራቁቷን ደረቴ ላይ አድርገው በነጠላ አሰሯት። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ወልጄ አላውቅም፣ አፍሬ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ትንፋሽዋ እየቆመ እየቀጠለ ነበርና፣ ሲቆም ጀርባዋን እንድነካካ አስተማሩኝ። ጆሮዬ ስለማይሰማ በደረቴ ነው የምከታተላት። አሁን ሁለት ኪሎ ሞልታ ቤት ገብተናል። በጡጦ ትመገባለች፣ ግን ቶሎ ይደክማታል። ሳንባዋን በየወሩ ይመለከቱላታል። እንደ እኩዮቿ ትሆን እንደሆነ ገና አናውቅም ብለውኛል።

አደይ ተሽሏታል። ልጅቷን ወስጄ ላሳድግ ትላለች። ወጣት ናት፣ ባል አላት፣ የራሷም ልጆች አሏት። እኔ ልጅቷን ስጠኝ ብዬ ልለምንህ ፈልጌ ነበር። ከላይ የጻፍኩትን ከጻፍኩ በኋላ ግን የመለመን አፍ የለኝም። አንተ የምትለው ይሆናል።

አክስትህ ዓለምዘውድ

*

ቡታጅራ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለተረፈ፣

እንኳን ለልደቱ ሰሞን አደረሰህ። መልስ አልመጣልኝም፣ አላስቸኩልህም። ትናንት ሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ክርስትና ተነሳች። አደይ ናት ያነሳቻት። የዓለም ስሟን አንተ እስክትልክ ብለን አላወጣንላትም፤ ቤት ውስጥ "ሚጡ" እንላታለን። ሦስት ኪሎ ልትሞላ ትንሽ ቀርቷታል። አልጋ ላይ ስትተኛ ትነቃለች፣ ደረቴ ላይ ስትሆን ትተኛለች። አሁን ድምፅ አውጥታ "አጉ" ማለት ጀምራለች አሉኝ።

አክስትህ

*

ደርባን፣ ጥር 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ዓለምዘውድ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል።

ይቅር ብያለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩ። ያስመርቁልኝ ብዬ የለመንኩ እኔ መሆኔን አልረሳሁም። እርስዎ ይህን አንስተው አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። በበኩሌ ራሴን ምን እንደማደርገው አጣሁ። እዚህ ቁጭ ብዬ ሱቅ እከፍታለሁ፣ ሱቅ እዘጋለሁ።

ልጅቷን ለአደይ ይስጡልኝ። ዕድሜዎ ስለገፋ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ለሰው እንደዚያ ይበሉ። ለእርስዎ ግን አልዋሽም። ልጄን እንዳቀፏት ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ ጭምብል ሲፈታ ነው። ያቀፋትም የፈታውም አንድ እጅ ነው፣ መለየት አልቻልኩም። ምናልባት አንድ ቀን ያልፍልኛል። ዛሬ አላለፈልኝም።

ስሟ ሲፈን ነው። ሴት ከሆነች ብላ ማርቲ የመረጠችው ነው።

ተረፈ

*

ቡታጅራ፣ ጥር 21 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለተረፈ፣

ሰላምህን ያብዛው፣ ሐዘንህን ያቅልልህ።

"እርስዎ" ብለህ ጽፈህልኛል። ትንሽ ሆነህ እንግዳ ፊት "አክስትህን እርስዎ በላት" ሲሉህ "የኔ እናት አንቺ ናት" ብለህ ታለቅስ ነበር። አልፈርድብህም። ደብዳቤህ አንድም የፊደል ስህተት አልነበረበትም።

ሲፈንን ትናንት ወልቂጤ አድርሻታለሁ። ከድጄ ጠዋት መጥታ ልብሷን አጣጥፋልኛለች። እስከ መኪናው ድረስ ሸኝታኝ "አላህ ያሳድጋት" አለችና ፊቷን አዙራ ሄደች። ደጋው አረቅጥ ላይ ብርዱ ከባድ ስለነበር በጋቢ ሸፈንኳት፣ መንገዱን ሙሉ ተኛች።

አደይ ቤቷን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ጡጦው እንዴት እንደሚሞቅ አሳየኋት። ሲደክማት እንድታርፍ፣ ከዚያ እንደገና እንድታጎርሳት፣ የሳንባዋን ቀጠሮ፣ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስና የጎን አጥንቷ ሲገባ ካየች ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል እንድትወስዳት፣ ሁሉንም ጽፌ ሰጠኋት። አስተሳሰሩንም አስተማርኳት። ሲፈን በአደይ ደረት ላይ መጀመሪያ ጭንቅላቷን ወዲያ ወዲህ አለች። ቦታ ስትፈልግ ቆይታ ተኛች። አደይ "እደሪ እትዬ" አለችኝ። ካደርኩ መሄድ እንደማልችል ስላወቅሁ በከሰዓቱ ሚኒባስ ተመለስኩ።

አደይ ምን እንዳደረግሁ አታውቅም። ልጅቷ ስታድግ ብትነግራት መብትህ ነው፤ ማርቲ የጻፈችልኝን ወረቀት ካንተ ስም ጋር ፖስታ ውስጥ አድርጌ ለከድጄ ሰጥቻታለሁ። እኔ ባልኖርም ይደርስሃል።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ስመለስ ነጠላውን ከደረቴ ላይ አልፈታሁትም ነበር። ብርዱን አልቻልኩትምና የሲፈንን ትንሽ ብርድ ልብስ አጣጥፌ ውስጡ ከትቼ እንደታሰረ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴት አፏን አልሸፈነችምና የምትለው ገባኝ። ነጠላውን በጣቷ እያሳየች፣ "እማማ፣ ሕፃኑ እንዳይታፈንብዎ ገለጥ ያድርጉለት" አለችኝ።

እሺ ልጄ አልኳትና ገለጥ አደረግሁት።

አክስትህ ዓለምዘውድ